ካፍ ከወጣ አፋፍ፦ ከመዝናኛ ወሬ እስከ ቴሌቪዥን ወንበር

በማኅበራችን ዓመታዊ የወጣቶችና የወላጆች ምሽት፣ በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና በሚገኝ አዳራሽ የቀረበ ንግግር

 

መጀመሪያ ስለ ቦታው አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችሁ ይህን መንገድ የምታውቁት ገና ሳይነጋ ነው። አውቶቡስ አውርዷችሁ፣ ካርዳችሁን አስነክታችሁ፣ ቆብና ጓንት አጥልቃችሁ የምትገቡበት ሰፈር ነው። በአንድ በኩል ስኳር ይጣራል፣ በሌላ በኩል ኢንቴል ቺፕ ይሠራል፣ መሀል ላይ መጋዘኑና ጋራዡ አለ። የኔም እናት እዚሁ ቀጠና ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ስትሠራ ብዙ ዓመት ሆኗታል። እኔም ለትምህርት ክፍያ ብዬ ሁለት የበጋ ዕረፍት ማሸጊያው መስመር ላይ ቆሜያለሁ። ስለዚህ የዛሬው ምሽት እዚህ እንደሚሆን ስሰማ ደስ አለኝ። ለሥራ የምንመጣበት ቦታ አንድ ቀን እንኳ ለወሬ መጣን ማለት ነው።

«ለወሬ» ያልኩት አውቄ ነው። የዛሬው ርዕሴ ወሬ ነውና።

ነገሩ የጀመረው እቤት ነው። ከውትድርና ከወጣሁ በኋላ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ እናቴ ቡና እያፈላች ጠየቀችኝ።

«እና ምን ልትማሪ አሰብሽ?»

«ጋዜጠኝነት።»

«ጥሩ ነው። ስለ ፖለቲካ ነው?»

«አይ እማዬ። ስለ መዝናኛ። ስለ ዘፋኞች፣ ስለ ተዋንያን፣ ስለ ፊልም። ከዚያ ደግሞ ቀስ ብሎ ቴሌቪዥን ላይ ማቅረብ።»

ጀበናውን አስቀመጠችው። «አዝማሪስ ቢሆን ማሲንቆውን ይዞ ራሱ ይዘፍናል። አንቺ የዘፈነውን ሰው ወሬ ለማውራት ሦስት ዓመት ትማሪያለሽ?»

እኔ ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። በኋላ ሳስበው ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እዚህ ያላችሁ ወላጆችም ልጃችሁ እንዲህ ቢላችሁ ሳትጠይቁ አትቀሩም። ይህ ነገር እውነት ሥራ ነው ወይ? ሙያስ አለው ወይ? ወይስ ልብስ ለብሶ ካሜራ ፊት መሳቅ ብቻ ነው? መልሱን ለማግኘት በዚህ መንገድ የሄዱ ሰዎችን ሕይወት ሳነብና ሳይ ከረምኩ። ዛሬ ያገኘሁትን እነግራችኋለሁ። በመጨረሻም ራሴ ያጠፋሁትን አንድ ጥፋት እናገራለሁ፤ እሱን ሳልናገር ሌላውን ባወራ ውሸት ይሆንብኛል።

ከምታውቋቸው ሰው ልጀምር፤ ከአባባ ተስፋዬ። ገጠር የነበራችሁ ቴሌቪዥን አላያችሁ ይሆናል። ወደዚህ ለመምጣት ተራ እየጠበቃችሁ ጎንደር ከተማ ወይም አዲስ አበባ የቆያችሁ ግን፣ በጎረቤት መስኮትም ቢሆን፣ ሳታዩዋቸው አትቀሩም። ተስፋዬ ሳህሉ በ1923 ባሌ ውስጥ ተወለዱ። (ዓመቶቹን የምጠራው እዚህ በለመድነው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1964 ሥራ ሲጀምር የልጆችን ፕሮግራም ያዙ፤ እስከ 2006 ድረስም አልለቀቁትም። 42 ዓመት! በ2017 ሲያርፉ ያለቀሱላቸው ሰዎች ራሳቸው አያት የሆኑ «ልጆች» ነበሩ።

እኔን የገረመኝ ግን ከቴሌቪዥኑ በፊት ያለው ሕይወታቸው ነው። መድረክ ላይ ያደጉ ሰው ናቸው። ሴቶች ቲያትር በማይሠሩበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ ተጫውተዋል። የኢትዮጵያ ጦር ኮርያ በዘመተ ጊዜ እዚያ ድረስ ሄደው ወታደሩን አዝናንተዋል። ከቤቱ ርቆ፣ ሞት አጠገቡ ሆኖ የተቀመጠን ወታደር ማሳቅ የቻለ ሰው፣ ካሜራ ፊት የተቀመጡ አሥር ሕፃናት አያቅቱትም። እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው፤ ቴሌቪዥን ሙያ አይሰጥም፤ ይዘኸው የመጣኸውን ነው የሚያሳይብህ።

ሁለተኛውን ሰው ወጣቶቹም ታውቁታላችሁ፤ ሰይፉ ፋንታሁን ነው። እኛ ቤት ሌላ ነገር ላይ ሁሉ የማይስማሙት እናቴና አክስቴ፣ ሰይፉ ሲመጣ ዝም ይላሉ። በኢቢኤስ ያለውን ፕሮግራም ሁላችንም በስልካችን እናየዋለን። እንግዳው ይቀመጣል፤ ይሳቃል፤ አንዳንዴም ይለቀሳል። ነገር ግን ሰይፉ ያን ወንበር ከማግኘቱ በፊት የሬድዮ ሰው ነበር። በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 «ታዲያስ አዲስ» በሚለው ፕሮግራም ስለ ሙዚቃው፣ ስለ ሙዚቀኛው፣ በከተማው ስላለው ጨዋታ ሲያወራ ሰዎች የሚያውቁት በድምፁ ነው። ፊቱ የመጣው በኋላ ነው።

ሬድዮ ለምን ጥሩ ትምህርት ቤት ይሆናል ብትሉ፣ ሬድዮ ላይ ልብስህ አይረዳህም፤ መብራት አይረዳህም። ሰው ቋንቋህንና ጥያቄህን ብቻ ነው የሚሰማው። ጥያቄው ደካማ ከሆነ አድማጩ ጣቢያውን ይቀይራል። እዚያው ሸገር ላይ የጣቢያው መሥራች መዓዛ ብሩ «የጨዋታ እንግዳ» በሚለው ፕሮግራሟ አንድን ሰው ይዛ ረጅም ሰዓት ታወያያለች። አንዱ ስለ ልጅነቱ ሲያወራ፣ ሌላው ስለ እስር ቤቱ ሲያወራ፣ እሷ አትቸኩልም። እንግዳው ዝም ሲል እሷም ዝም ትላለች። አንድ ሁለት ሦስት ብዬ ቆጥሬዋለሁ። ከዝምታው በኋላ የሚመጣው መልስ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው የተሻለ ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ትዕግሥት የማውቀው ከአያቴ ዘንድ ነው፤ ለቅሶ ቤት ስትገባ እንዲህ ትቀመጥ ነበር።

አሁን ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ። በዓለም ላይ ከመዝናኛ ወሬ ተነሥተው ቴሌቪዥን ላይ ከደረሱት ሰዎች በጣም የታወቀው አንድ እንግሊዛዊ ነው፤ ፒርስ ሞርጋን ይባላል። በ1965 ተወለደ። ሥራ የጀመረው በደቡብ ለንደን የሰፈር ጋዜጣ ላይ ነው። የሰፈር ጋዜጣ ማለት የጠፋ ውሻ፣ የማዘጋጃ ቤት ስብሰባ፣ የትምህርት ቤት ትርኢት የሚዘግብ ማለት ነው። ከዚያ «ዘ ሰን» የሚባለው ትልቁ ጋዜጣ ወሰደውና «ቢዛር» የሚባለውን የታዋቂ ሰዎች ወሬ አምድ ሰጠው። እሱም አንድ ዘዴ አገኘ። ዘፋኝ ሲያገኝ ስለ ዘፋኙ ብቻ አይጽፍም፤ አብሮት ፎቶ ይነሣና ፎቶውን ያወጣል። ዛሬ «ሰልፊ» የምንለውን እሱ በጋዜጣ ጀመረው በሉት። አንባቢው ቀስ በቀስ የዘጋቢውን ፊት ለመደው።

በ1994፣ ገና በ28 ዓመቱ፣ «ኒውስ ኦቭ ዘ ወርልድ» የሚባለው የእሑድ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ሆነ። በዓመቱ ወደ «ደይሊ ሚረር» ተዛወረ። እዚያ እስከ 2004 ቆየ። ከዚያ ጋዜጣውን ትቶ ቴሌቪዥን ገባ፤ በአሜሪካና በእንግሊዝ የተሰጥኦ ውድድሮች ላይ ዳኛ ሆነ። በ2011 ደግሞ ሲኤንኤን ላይ የታዋቂውን የላሪ ኪንግን ሰዓት ተረከበ። በ2014 ፕሮግራሙ አለቀ። በ2015 በእንግሊዝ «ጉድ ሞርኒንግ ብሪቴን» የሚለው የጠዋት ፕሮግራም አቅራቢ ሆነ፤ በ2021 ስለ ልዑል ሃሪ ሚስት በተናገረው ነገር ከ50,000 በላይ አቤቱታ ቀረበ፤ እሱም ሥራውን ለቀቀ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በኋላ ጣቢያው ሕግ አልጣሰም ብሎ ወሰነ። ሰውየው ዛሬም በዩቲዩብ ያወራል።

እና ምን ልበላችሁ፣ ይህን ስታነቡ መሰላል ይመስላል፤ የሰፈር ጋዜጣ፣ ትልቅ ጋዜጣ፣ ዋና አዘጋጅ፣ ቴሌቪዥን፣ አሜሪካ። እኔም መጀመሪያ እንዲህ ነበር ያየሁት። ግን መሀል ላይ የዘለልኩት ነገር አለ። በ2004 ከ«ደይሊ ሚረር» የወጣው ወዶ አይደለም፤ ተባሮ ነው። ጋዜጣው የእንግሊዝ ወታደሮች ኢራቃዊ እስረኛ ሲያሰቃዩ ያሳያሉ የተባሉ ፎቶዎችን አወጣ። አገር ተናወጠ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፎቶዎቹ የውሸት መሆናቸው ተነገረ፤ ጋዜጣው «ተታለናል» ብሎ በፊት ገጹ ይቅርታ ጠየቀ፤ ዋና አዘጋጁ ወጣ። አስቡት፣ ያን ያህል ዓመት የሠራ፣ ያን ያህል ሰው በሥሩ ያለው፣ ጠበቃ ያለው ጋዜጣ ነው። ቢሆንም ነገሩ ከመውጣቱ በፊት በደንብ አልተጣራም። አባቶቻችን «ካፍ ከወጣ አፋፍ» የሚሉት ይህን ነው። ከአፍ የወጣ ቃል አፋፍ ላይ እንዳለ ድንጋይ ነው፤ አንዴ ከተንከባለለ ሮጠህ አትመልሰውም።

ይህን ታሪክ ያነበብኩ ቀን መጽሐፌን ዘጋሁት። የምዘጋበት ምክንያት ነበረኝ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ከሁለት ዓመት በፊት እኔና ሁለት ጓደኞቼ በስልክ የምንቀርጸው ትንሽ የመዝናኛ ፕሮግራም ነበረን። ስለ ሠርግ ዘፋኞች፣ ስለ እስክስታ ቡድኖች፣ ስለ አዲስ ክሊፕ ነው የምናወራው። አንዳንዶቻችሁ ታዩት ነበር። በእብራይስጥና በአማርኛ እየቀላቀልን፣ ቶሎ ቶሎ፣ ከሳቅ ጋር። በከተማችን ሠርግ ላይ የሚዘፍን አንድ ወጣት ነበረ፤ ስሙን አልጠራም። ድምፁ መልካም ነው። በድንገት ሠርግ ላይ መታየት አቆመ። አንድ ሰው «ቴል አቪቭ ማኔጀር ይዟል፤ የሰፈር ሠርግ ንቋል» አለኝ። ሌላ ሰው ደግሞ ያንኑ ደገመልኝ። ሁለት ሰው ካለ እውነት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሁለተኛው ሰው ከመጀመሪያው እንደሰማ አላሰብኩም። ፎቶውን አውጥተን፣ መነጽር አድርገንለት፣ «ትልቅ ሰው ሆኗል፣ አያውቀንም» ብለን ሳቅንበት። በአንድ ቀን ከምንለምደው ብዙ እጥፍ ሰው አየው። ማታ ቁጥሩን እያየሁ በደስታ ተኛሁ።

የልጁ እናት ከኔ እናት ጋር አንድ ፋብሪካ ውስጥ ናቸው፤ አንድ ፈረቃ፣ አንድ የምሳ ጠረጴዛ። በማግሥቱ በዕረፍት ሰዓት አንዲት ልጅ ስልኳን አውጥታ አሳየቻቸው። እሳቸው ፈጣን እብራይስጥ አይከተላቸውም። የልጃቸውን ፎቶና የሰውን ሳቅ ግን አዩ። ወደ እናቴ ዞረው «ያንቺ ልጅ ስለኔ ልጅ ምን እያለች ነው?» አሏት። እናቴ ተርጉማ ነገረቻቸው። አስቡት፤ የልጇን ቃል ለጓደኛዋ የተረጎመችው እናቴ ናት።

ያን ቀን ማታ እናቴ እራት አልበላችም። አልተቆጣችኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «አባትየው ሆስፒታል ነው» ብቻ አለችኝ። «ልጁ ሌሊት ሌሊት አባቱ አጠገብ ያድራል። ለዚያ ነው ሠርግ የተወው። ለሰው አልተናገሩም፤ ሕመሙን ሰው እንዲያውቀው ስላልፈለጉ ነው። አንቺ እኮ ብትደውዪለት ኖሮ ይነግርሽ ነበር።»

የልጁ ቁጥር ስልኬ ውስጥ ነበረ። አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማርነው። አንድ ጊዜ መደወል ብቻ ነበር የቀረኝ።

ቪዲዮውን አወረድነው፤ ግን ሰው አስቀድሞ አስተላልፎት ነበር። በሌላ ቪዲዮ «ያልነው ስሕተት ነው፤ ሳናጣራ ነው የተናገርነው» አልን። የአባትየውን ሕመም አልጠቀስንም፤ የመናገሩ መብት የኛ አልነበረማ። ያን የይቅርታ ቪዲዮ ያየው ሰው የመጀመሪያውን ካየው ሰው በጣም ያነሰ ነው። ይህን ነገር ማንም መጽሐፍ አላስተማረኝም፤ ራሴ ቁጥሩን አይቼ ነው ያወቅሁት። ከዚያ እናቴ ይዛኝ ቤታቸው ሄድን። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ምን እንዳልኩ በደንብ አላስታውስም። እናትየው ቡና አፈሉልን፤ እስከ ሦስተኛው ድረስ ጠጣን፤ ስለ ቪዲዮው አንድም ቃል አላነሡም። ስንወጣ ግን በሩ ላይ «ልጄ፣ ስም እኮ እንደ ልብስ አይታጠብም» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ከእናቴ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ምሳ ይበላሉ። ልጃቸው ግን እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኝና ያልፋል። መብቱ ነው።

እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ከጻፈለት ዘፋኝ እናት ጋር ላይገናኝ ይችላል። ለንደን ትልቅ ከተማ ናት። ሰው ወድቆ ሌላ ሰፈር ይነሣል። እኛ ግን ቂርያት ጋት ነን። እዚህ የምታወራለት ሰው እናት የአንተ እናት አጠገብ ቆማ ካርድ ታስነካለች። ስለዚህ «ቀላል» የምንለው የመዝናኛ ወሬ ለኛ ከሁሉም የከበደ ነው። ስለ ምርጫ ብትሳሳት ፖለቲከኛው መልስ የሚሰጥለት ቃል አቀባይ አለው። የሠርግ ዘፋኝ ቃል አቀባዩ እናቱ ናት።

ታዲያ ይህን ሥራ እንተወው? እኔም ለጥቂት ወራት ትቼው ነበር። የመለሱኝ ሁለት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው ቋንቋ ነው። በእስራኤል ሬድዮ የአማርኛውን ስርጭት ለዓመታት የመሩትን ወይዘሮ ጸጋ መላኩን ወላጆቻችን በድምፃቸው ያውቋቸዋል። በ1984፣ በ16 ዓመታቸው፣ ከጎንደር ብቻቸውን ነው የመጡት። ያች ልጅ አድጋ፣ እብራይስጥ የማይገባቸው ሽማግሌዎች አገሩ ምን እንደሚል በቋንቋቸው የሚሰሙበትን ማይክሮፎን ያዘች። የኛ ትውልድ ይህን ሥራ እቤቱ ሠርቶታል። እዚህ ካለነው ወጣቶች ውስጥ በስምንት በዘጠኝ ዓመቱ ኩፓት ሆሊም ገብቶ ለአያቱ ያላስተረጎመ ማነው? ሐኪሙ በአጭሩ ይናገራል፤ አያት በረጅሙ ትመልሳለች፤ አንተ መሀል ቆመህ የሷን ክብር ሳትነካ የሱን ጥያቄ ታደርሳለህ። አቅራቢ የሚባለው ሰው ሥራ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። በእብራይስጥ ሁሉም «አታ» ነው፤ ፕሬዚዳንቱም አታ፣ የክፍል ጓደኛህም አታ። ወደ አማርኛ ስትሻገር ግን ጥያቄህን ከመጀመርህ በፊት መወሰን አለብህ፤ አንተ ነው? እርስዎ ነው? አንዴ አንድ ቄስ ስጠይቅ ከእብራይስጥ እየተረጎምኩ «መቼ መጣህ?» አልኳቸው። አዳራሹ ጸጥ አለ። እሳቸው ግን ሳቅ ብለው «አንተ ካልሽኝስ ልጅ ነኝ ማለት ነው፤ ገና ትናንት ነው የመጣሁት» አሉ። ይህን የመሰለ ምሕረት ሁልጊዜ አይገኝም። ወጣቶች፣ አማርኛችሁን አትጣሉት። ጥያቄ በደንብ የሚጠየቀው በሚጠየቀው ሰው ቋንቋ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ኤደን አለነ ናት። በ2000 ኢየሩሳሌም ተወለደች፤ እዚያው አደገች፤ በኋላ ወደዚህ ወደ ከተማችን መጣች። በ17 ዓመቷ «ኤክስ ፋክተር»ን አሸነፈች። በ2020 አገራችንን ወክላ ወደ ዩሮቪዥን ልትሄድ ተመረጠች። ይዛው ልትሄድ የነበረው ዘፈን «ፍቅር ልቤ» ይባላል፤ ውስጡ አማርኛ አለበት። ኮሮና መጣና ውድድሩ ተሰረዘ። በ2021 በሌላ ዘፈን ሮተርዳም ሄደች፤ ለፍጻሜው አልፋ 17ኛ ወጣች። ያን ሰሞን ስለሷ የወጣውን ሁሉ አነበብኩ። ብዙው «የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ደስም ይላል። እኔ ግን ሌላም ጥያቄ ነበረኝ። አማርኛውን እቤት ከማን ጋር ነው የምታወራው? ለዘፈኑ ቃላቱን ማን መረጠ? ውድድሩ የተሰረዘ ቀን ማታ ምን አደረገች? እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ የኛን ቤት የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ያን ሰው ከኛ መካከል ካላወጣን፣ ሌሎች መጥተው በሚያውቁት ልክ ይጠይቁናል፤ እኛም በጠየቁን ልክ ብቻ እንታያለን።

እንግዲህ ወደዚህ ሥራ መግባት ለምትፈልጉ ታናናሾቼ፣ እኔ በራሴ ጥፋት የተማርኩትን በአጭሩ ልስጣችሁ።

መጀመሪያ፣ ደውሉ። ስለ ሰው ከማውራታችሁ በፊት ሰውየውን ጠይቁት። ካላነሣ ደግማችሁ ደውሉ። ሁለት ሰው ነገረኝ አትበሉ፤ ሁለቱ ከየት እንደሰሙ ጠይቁ። ሁለቱም የሰሙት ከአንድ ሰው ከሆነ፣ በእጃችሁ ያለው አንድ ወሬ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ስምን በትክክል ጥሩ፣ በትክክልም ጻፉ። የኛ ስም በየቢሮው ሲጣመም፣ ሲያጥር፣ ሲቀየር ኖሯል። እኛው ደግሞ አናጣምመው።

ሦስተኛ፣ ሁሉን ያወቃችሁትን አትናገሩ። ስለ ሰው ሕመም፣ ስለ ቤት ጠብ፣ ስለ ገንዘብ የሰማችሁት ነገር እውነት ቢሆንም ባለቤቱ ካልፈቀደ አይወጣም። እናቶቻችን ቡና ላይ ብዙ ነገር ያውቃሉ፤ ጥቂቱን ነው የሚናገሩት። ይህንን ለመማር ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም፤ ቡናው አጠገብ ዝም ብሎ መቀመጥ ይበቃል።

አራተኛ፣ ስትሳሳቱ ስሕተታችሁ በወጣበት ቦታ፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ቋንቋ አርሙ። ከዚያ ደግሞ በእግራችሁ ሂዱ። ቪዲዮ የማይደርስበት ቤት አለ።

ለወላጆቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ልጃችሁ «የመዝናኛ ጋዜጠኛ መሆን እፈልጋለሁ» ቢላችሁ፣ «ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙት። በዚህ ሥራ ፊት ለፊት የሚታየው ወንበሩና መብራቱ ነው። ከኋላው የሰፈር ጋዜጣ አለ፣ ሌሊት የሚሠራ ሬድዮ አለ፣ ባዶ እጅ የሚመለሱባቸው ብዙ ቀኖች አሉ። ደመወዙ መጀመሪያ ላይ ከዚህ ከቀጠናው ፈረቃ ላይበልጥ ይችላል። እኔም ስመረቅ ወደ ማሸጊያው መስመር ልመለስ እችላለሁ፤ አላፍርበትም። እናቴ እዚያ ቆማ ነው ያሳደገችኝ።

ባለፈው ሳምንት ይህን ንግግር እቤት ሳነብላት፣ እናቴ እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ «የልጁን ነገር እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልትናገሪ ነው?» አለችኝ።

«ስሙን አልጠራም» አልኳት። «ጥፋቱም የኔ ነው፤ የሱ አይደለም።»

«እናቱን ጠይቀሻል?»

አልጠየቅሁም ነበር። አያችሁ፣ ይህን ሁሉ ተናግሬም እንደገና ልረሳው ነበር። በማግሥቱ ደወልኩ። «ተናገሪው» አሉኝ፤ «ለሌሎቹ ይጠቅማል። ልጄንም ጠይቄዋለሁ፤ ይሁን ብሏል።» ከመዝጋታቸው በፊት ደግሞ «አባትየው አሁን ደህና ነው፤ ይህንንም ንገሪያቸው» አሉኝ።

ስለዚህ ነገርኳችሁ። የተነገረኝን፣ ከተፈቀደልኝ ሰው፣ በተፈቀደልኝ ልክ።